ግራ ጎናቸውን ፈልገው ያገኙት የአቶ ገነነ ይርዳው የሕይወት ታሪክ

አቶ ገነነ ይርዳው ከአባታቸው ከአቶ ይርዳው ሀብቴና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺዓለም ተክሌ በጉራጌ አገር በሶዶ በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት እዚያው በደብራቸው ሲሆን፣ ለሥራ ሲደርሱ አዲስ አበባ መጥተው በአራዳ ገበያ ክርና መርፌ እያዞሩ ሸጡ። ከነጻነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ የአዝራርና የዳንቴል ሱቅ ከፈቱ። በ1937 ዓ.ም. ከወ/ሮ ተናኘወርቅ እምሩ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ፒያሳ ውስጥ አዝራሩ የወደቀበት ካፖርት ይዞ የሚዞር ሰው መጨረሻው እሳቸው ዘንድ ነበር። የቀረውን አዝራር ጥቂት ይመለከቱትና ከተደበላለቀው ሣጥን ውስጥ አምሳያውን ብድግ ያደርጉታል። እንዴት እንደሚያገኙት ሲጠየቁ፣ «ሁሉን ለማየት አልደክምም። ቀለሙን ለዓይኔ ከነገርኩት ሌላው ገለል ይልልኛል» ይሉ ነበር።

በ1956 ዓ.ም. ድንገት ወድቀው ሆስፒታል ተኙ። ሲወጡ ግራ እጃቸው ከመዛሉ በቀር ደኅና መስለው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ወዲያው ግን ከግራው መደርደሪያ ዕቃ ተሰረቀ ብለው ተቆጡ፤ ለዓመታት አብረዋቸው የሠሩትን አቶ መብራህቱንም ጠርጥረው አሰናበቱ።

ወ/ሮ ተናኘወርቅ ነገሩ የገባቸው በምሳ ሰዓት ነው። አቶ ገነነ የትሪውን ቀኝ ብቻ በልተው «ወጡ ይኸው ነው?» ሲሉ፣ ባለቤታቸው ትሪውን አዞሩላቸው። ያልተነካው ግማሽ ፊታቸው መጣ። ወዲያው ወደ ሐኪም ወሰዷቸው። ሐኪሙም፣ «ዓይናቸው ጤነኛ ነው። ወደ ግራ ተመልከት ብሎ ዓይንን የሚያዘው የአእምሮ ክፍል ነው የተጎዳው፤ ያላዩት ነገር መኖሩንም አያውቁም» ሲሉ አስረዱ።

በማግስቱ አቶ ገነነ ከዘራቸውን ይዘው አቶ መብራህቱ ቤት ሄዱ። «ሰው ግራ ይገባዋል፤ የእኔ ግን ግራዬ ነው የጠፋብኝ። በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» አሉ። አቶ መብራህቱ ሳቁ፣ አለቀሱም። «ጋሼ፣ አብረን እንፈልገዋለን» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በመደርደሪያው ግራ ጫፍ ቀይ ጥብጣብ ተሰቀለ። አቶ ገነነ ማንኛውንም ዕቃ ከመፈለጋቸው በፊት መጀመሪያ ቀዩን አይተው ከዚያ ወደ ቀኝ እንዲመጡ ተስማሙ። በመጀመሪያ ይረሱት ነበር፤ «ጋሼ፣ ቀዩን!» ሲባሉ ይበሳጩም ነበር። እያደር ግን አንገታቸው ራሱ ወደ ግራ መዞር ለመደ። በ1960 ዓ.ም. በልጃቸው በወ/ሮ አሰፋች ሠርግ ላይ፣ ምንም ምልክት በሌለበት ዳስ ውስጥ፣ ከግራ ጥግ ጀምረው እንግዶቹን አንድም ሳያስቀሩ በየስማቸው እየጠሩ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» አሉ። ወ/ሮ ተናኘወርቅ በዚያ ቀን እንደተደሰቱት ሌላ ቀን ተደስተው አያውቁም።

አቶ ገነነ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 1965 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እንደ ወንድም የሚያዩአቸውን አቶ መብራህቱን ትተው ሄደዋል። መሐሪው አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃን ስፍራ ያሳርፍልን፤ ላዘንነውም ሁሉ ብርታቱን ያድለን።