የማዳም ፍሎረንቲን ቸርኬ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ኦዲል፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልሽን እንቅስቃሴ ትሠሪያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ጎረቤት እየመከርሽ አንቺ ትቀመጫለሽ? ባልሽን ጎርደንን ያ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን፤ ጂኔትም፣ ምድጃውም፣ ውሻውም ሳይቀሩ ደህና ናቸው። ባለፈው እሑድ ቪክቶሪያ ላይ በዲሴምበር ጽጌረዳ እየገረዝሽ እንደሆነ ስትነግሪን፣ እኔ ገና በረንዳው ላይ በረዶ ስዝቅ ቆይቼ መግባቴ ነበር። ቅናቴን እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በየሳምንቱ እየደወልሽ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። ስልኩ ያለው አባባ ወንበር አጠገብ ነው፤ ዓይኑ ቢደክምም ጆሮው የሰላይ ጆሮ ነው። የምጽፍልሽ ደግሞ እሱ እንዳይሰማ የፈለግሁትን ነገር ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ፤ ከእንግዲህ ግን አልቻልኩም።

መቼም የአባባን የኦክቶበር ሥራ አትረሺውም። ዘንድሮም የአሥራ አንድ ቤት መኪና በረዶ ሲመጣ የሚቀየርለት ቸርኬ ጓሮ መጋዘኑ ውስጥ ተደርድሮለት ነበር። የአምናውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይፍቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ፀረ ዝገቱን ይቀባል፤ ሲደርቅ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው እንዳይበላው ጥቁሩን ቀለም ይደርብበታል። ቀለም የማይነካው ቸርኬው ከመኪናው ብረት ጋር የሚጋጠምበትን መሃሉንና የዳዶዎቹን ቀዳዳ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ካለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ክብ ካርቶን ቆርጦ ይለጥፋል። «በብረትና በብረት መሃል ቀለም ማስገባት በባልና ሚስት መሃል አማት ማስገባት ነው» የሚለውን ተረቱን የሚያመጣው አማቴ፣ የጂኔት እናት፣ ቤት ስትሆን መርጦ ነው። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። መሃል የገባ ቀለም መኪናው ሲሄድ ይደቅቃል፤ ሲደቅ ዳዶው ይላላል።

ኖቬምበር አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ከአሥራ አንዱ ቤት አንዷ፣ ጎረቤታችን ማዳም ፍሎረንቲን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ቁልቁለቱ ላይ የፊት ግራ ጎማቸው መንቋቋት ጀመረ። ደግነቱ እንደ ዘወትራቸው ከኤሊ እኩል ነበር የሚነዱት። ቆመው ሲያዩ ሁለት ዳዶ ወድቋል፣ ሦስተኛው በጣት ይዞራል። ትንሽ ቢገፉ ኖሮ ጎማው ተነቅሎ እሳቸው ታች ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ነበሩ። ቸርኬውን ስገጥምላቸው፣ መቶ ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ዳዶውን ዳግመኛ ለማስጠበቅ ብቅ ይበሉ ብያቸው ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ባዛር ሥራ ይዟቸው ቀሩ።

አባባ ቸርኬውን አስመጥቶ ግቢው መሃል በረዶው ላይ ተንበረከከ። ወፍራም ጥቁር ቀለም፣ መሃሉ ድረስ። ብዙ አየው። ከዚያ ተነስቶ «ካርቶኑን ሳልለጥፍ ነው የቀባሁት። ዓይኔ ጉድ ሠራኝ» አለ። የገዛ መኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው፤ ብሩሾቹን ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተታቸው። የቀሩትን የአሥሩን ቤት ቸርኬዎች ሁሉ ዞሬ ፈተሽኩ፤ አንድም እንከን የለባቸውም።

እትዬ፣ የማዳም ፍሎረንቲንን አራት ቸርኬዎች የቀባሁት እኔ ነኝ።

የድኩላ አደን ወቅት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። አባባ ሐኪም ቤት ስለሄደ ሥራውን ላቅልለት ብዬ ገባሁና ከክምሩ አንዱን ቤት ወሰድኩ። ልቤ ጫካ ነበር። መጀመሪያ ካርቶኑን ቆርጬ እለጥፋለሁ አልኩ፤ ኋላ ደግሞ ትንሽ ቢነካው ምን ይሆናል አልኩ። ቀባሁና ካለቁት ጋር ደረደርኳቸው። ለእሱም ምንም አልነገርኩት፤ እርዳታ ሲሉት እንደሚቆጣ ታውቂያለሽ። እሱም ከአርባ አራት ቸርኬ መሃል የትኛውን እንደጨረሰ ከየት ያስታውሰው።

ያን ዕለት ግቢው ውስጥ አፌን ከፍቼ ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ መንዳት ተው ብለን ስንለምነው ኖረን፣ በገዛ እጁ ቁልፉን ሲሰጠኝ ጊዜ አፌ መልሶ ተዘጋ። አንቺም እሑድ ስትደውዪ «ተመስገን፣ ማንም ሳይሞት ገባው» አልሽኝ። ጂኔትም ተመስገን አለች። እኔም አሜን አልኩ። ውሸት ከአፌ አልወጣም እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ።

በማግስቱ አባባ ክራቫቱን አሥሮ ማዳም ፍሎረንቲን ደጃፍ ሄደ። እኔ ደገፍኩት። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ራሱ ላይ በረዶ እየወረደበት ይቅርታ ለመናቸው። እሳቸው ምላሳቸው እንደምታውቂው ነው። «አደላር፣ ልታገባኝ ብትጠይቀኝ እምቢ እንደምልህ አውቀህ ነው ልትገድለኝ ያሰብከው?» አሉት። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚመልሰው አያጣም ነበር። ያን ቀን ግን ጫማውን አየ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ፤ ክንዱን ይዤ። ከዚያ ወዲህ ጢሙን አልተላጨም፣ ሐሙስ ካርታ ጨዋታ ላይ አልተገኘም፣ የአተር ሾርባውን ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ይተወዋል። ጂኔት እርጅና ነው ትላለች። እኔ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

እስከዚህ የጻፍኩት ዓርብ ነው። ሊታሸግ የነበረውን ፖስታ አስቀምጬ ወደ እሱ ገባሁ። ለአንቺ ነግሬ ከእሱ መደበቅ የባሰ መስሎ ታየኝ። ቁልፉን ጭኑ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት።

«ስንት ጊዜ ሆነ?» አለኝ። ሦስት ሳምንት አልኩት። «ሦስት ሳምንት! ፍሎረንቲን ደጃፍ ክንዴን ይዘህ ቆመሃል እኮ። ውሻ ነህ። ውሻውስ ይሻላል፣ ጥፋት ሲያጠፋ አልጋ ሥር ይገባል» አለኝ። ይገባኛል፤ ሌላም ብዙ ብሎኛል፣ ለመቶ ዓመት የሚበቃ። በመጨረሻ ቁልፉን ውሰድ፣ እንደ ድሮህ ሁን አልኩት። ቁልፉን ሲያገላብጥ ቆየና መልሶ ዘረጋልኝ።

«ያን ቸርኬ በቀን ብርሃን፣ አፍንጫዬ ሥር አስጠግቼ አየሁት» አለኝ። «አርባ ዓመት የገዛ እጄን ሥራ አውቃለሁ። የአንተ ቀለም አቀባብ ደግሞ ላም የላሰችው ይመስላል። ከእኔ መለየት ግን አቃተኝ። አንተ ዋሽተኸኛል፤ የዓይኔ መድከም ግን ውሸት አይደለም። ያዘው።» ቁልፉን ተቀበልኩት።

ከዚያ ላከኝ፤ ማዳም ፍሎረንቲን ዘንድ፣ ያለ ባርኔጣ። ሄድኩ። ሰምተው ሲጨርሱ «እኔስ አደላር እንዲህ ያለ ሥራ እንደማይሠራ አላጣሁትም፤ ግን ሽማግሌው ክራቫት አሥሮ ደጄ ሲመጣ ከሃያ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነበርና ላጣጥመው ብዬ ነው» አሉ። በነጋታው ሾርባ ይዘው መጡ። እሱም ጨው አነሰው አላቸው፤ ጢሙን ተላጭቶ ነበር።

አሁን መጋዘኑ ውስጥ አብረን ነን። እነዚያን አራት ቸርኬዎች እስከ ባዶ ብረቱ ፍቀን እንደገና ጀምረናል። የምቀባው እኔ ነኝ፤ እሱ ጓንቱን አውልቆ መሃሉን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል። አንዲት ጠብታ ካገኘ ያስፍቀኛል። ትናንት ሦስቴ መለሰብኝ፤ ሦስቱም ጊዜ ልክ ነበር። በሚመጣው እሑድ ስትደውዪ እባክሽ ተመስገን አትበይው። ስለ ቸርኬው ጠይቂው፣ አስረዝሞ ይነግርሻል።

ጎርደንን ሰላም በይልኝ፤ ሳሉ ካልለቀቀው ትኩስ ነገር ይጠጣ። ኢዛቤልን በሁለት ጉንጯ ሳሚልኝ፤ ትንሹን ትሪስታንን አያቱ ስለ ትምህርቱ ጠይቆታል በይው። ጂኔት አጥብቃ ሰላም ብላሻለች፤ ለገና በሊጥ የሚሸፈነውን ሥጋ መጋገር ስለጀመረች እጇ ሊጥ ነው እንጂ ራሷ ትጽፍ ነበር። ማዳም ፍሎረንቲንም በሕይወት አለሁ በላት ብለዋል።

አባባ ይህን ደብዳቤ ስጠኝ ብሎ ተቀበለኝ። መስኮቱ ዘንድ ወሰደው፣ አራቀው፣ አቀረበው፣ መነጽሩን ጠረገ። ከልጅነታችን ጀምሮ በዚህ ቤት የሚያነብልን እሱ ነበር። ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና «በል አንብብልኝ» አለኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት፤ አንድ ቃል አልዘለልኩም።

ወንድምሽ ሬዣን
ላ ቤ፣ ሳግኔ
ዲሴምበር 11 ቀን