የመስኮቱ ልክ

እህት ዓለም፣ ናፍቆቴ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ።

እኔ ደህና ነኝ። እጄ መቀስ ሲይዝ ብቻ ይንቀጠቀጣል። የስፌት ቤቱም፣ የማድርባትም ክፍል ባለቤት አለቃዬ «አይዞህ፣ እረፍ» ብሎኝ አዲስ ሰፊ ቀጥሯል። ጨዋ ሰው ነው።

ትናንት እሱና አዲሱ ሰፊ ሳያንኳኩ ክፍሌ ገቡ፤ ቁልፉ አለቃዬም ጋ አለ። አዲሱ ሰፊ «ጠዋት ፀሐይ ይገባል?» አለኝ።

«እስከ አልጋው ድረስ።»

«ሚስቴ ብርድ አትችልም» ብሎ መስኮቱን ለመጋረጃ ለካ። የሜትሩን ጫፍ እኔ ያዝኩለት። አለቃዬ «ሁለት ሰፊ ሲገናኝ ያው መለካት ነው» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ጎረቤቴ ጫማ ሰሪው «የኪራይ ውል አለህ?» ይለኛል። ኪራዩ ከደሞዙ ለሚቆረጥ ሰው ምን ውል ያስፈልገዋል ብዬ ቀለድኩበት።

እማዬ ለዓይኗ ሕክምና እኔ ጋ መምጣቷን ታቆየው፤ ብርዱ ይለፍ በያት። ልጆቹን ሳሚልኝ። መልስ ለመጻፍ አትቸኩዪ፤ የምትልኪበትን አድራሻ እነግርሻለሁ።

ወንድምሽ