የወደቀችው ቁራሽ ሥጋ

ለታናሽ እህቴ፣

ዝናቡ ከደሴቱ ላይ ጋብ ብሎ ከሆነ ጉልበትሽም እፎይ ብሎ ይሆናል፤ ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት ሳትሰለቺ ተቀቢ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሰውነቴን ማለቴ ነው።

ሰባ ሰባተኛ ዓመቴ ሲከበር «ሥጋው ርካሽ ነው» ብዬ ሳህን ገፍቼ ወጣሁ የሚል ወሬ አንቺ ዘንድ መድረሱን ሰማሁ። ሐሰት ነው። ኮቤ ከተማ ውስጥ ከባቡር ጣቢያው ሥር ያለው፣ ሥጋ በበላተኛው ፊት በጋለ ብረት ላይ የሚጠበስበት ያ ትንሽ ቴፓንያኪ ቤት ለኪስ አይከብድም እንጂ ንጹሕ ነው። አብሳዩ የጋለውን ብረት ደጋግሞ ይፍቃል፤ ነጭ ሽንኩርቱንም ሳያሳርር ያወጣል። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? እንዲያውም ሩዝ አስጨምሬአለሁ። የወጣሁበት ምክንያት ከወሬው የከፋ ነው።

አራታችንም በአንድ መስመር ብረቱ ፊት ተቀምጠናል። ልጄ ሹንሱኬ እንደ ልማዱ አብሳዩን፣ ወንድሜ፣ ለእናቴ ስትቆርጥ ተጠንቀቅ፣ ከተዛነፈ ታስደግምሃለች አለው። አብሳዩም ስቆ፣ እማማ፣ ያስተማረኝ ጌታዬ እንኳ እንደ እርስዎ አላፈጠጠብኝም አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ብታዪኝ ይገርምሽ ነበር።

የልጅ ልጄ ናጊሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ከድርሻዋ ጮማዋን ቁራሽ መርጣ፣ አያቴ፣ ይቺ የአንቺ ናት፣ ሳትበርድ ቶሎ በይ አለችና በመብያ እንጨቶቿ ይዛ ዘረጋችልኝ። እኔም ሳላስብ በእንጨቶቼ ልቀበላት ሰነዘርሁ። የእሷና የእኔ እንጨቶች ሥጋዋ ላይ ሲገናኙ አየሁና እጇን በኃይል መታሁት። ቁራሿ ብረቱ ላይ ወድቃ ጨሰች።

ናጊሳ አላለቀሰችም። ምን አጠፋሁ ብላ እናቷን ጠየቀች። ምራቴ ቶሞኤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሰው ሞቶ ከተቃጠለ በኋላ ዘመዶቹ አጥንቱን እንዲህ በእንጨት እየተቀባበሉ ነው ማሰሮ ውስጥ የሚያኖሩት፣ ስለዚህ ማዕድ ላይ አይደረግም አለቻት። ልጅቷም፣ እኔ እኮ አላውቅም ነበር፣ አያቴም ልትቀበለኝ ነበር እኮ አለች። እውነቷን ነው። ቶሞኤ ወደ እኔ ዞራ፣ እናቴ፣ መንገር ይበቃ ነበር፤ ከእንግዲህ ልጄን ለብቻዋ እርስዎ ዘንድ አልተዋትም አለችኝ። ኮቴን ይዤ ወጣሁ።

ልጅቷን የመታኋት ሥርዓት ወዳድ ስለሆንሁ ነው ይላሉ። ለአንቺ ግን እንደዚያ ብዬ ልጽፍ እጄ አይታዘዝልኝም። እንጨቶቹ ሲገናኙ ያየሁት ሥጋ አልነበረም። እናታችንን ስድስት ዓመት አንቺ አስታመምሻት፤ እኔ በየዓመቱ መባቻ እየመጣሁ የአንሶላ አጣጠፍሽን አርም ነበር። አጥንቷ የተለቀመ ዕለት ትኩሳት ይዞኛል፣ መምጣት አልችልም ብዬ ደወልሁልሽ። ስንት ደረሰ ብለሽ ተጨነቅሽ፤ ሠላሳ ዘጠኝ አልሁሽ። ቤቴ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ኖሮ አያውቅም። ያን ዕለት ከፊትሽ ቆሞ ከእንጨትሽ የተቀበለሽ ማን እንደ ነበር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልጠየቅሁሽም።

ጓሮሽ ይለምልም፣ እንቅልፍሽ የጣፈጠ ይሁን፤ ዕድሜሽም ከእኔ ይርዘም።

ነገ መጀመሪያ፣ ናጊሳ ትምህርት ቤት ሳትሄድ ደጃቸው ደርሼ፣ በሰባት ዓመት ልጅ ፊት ወገቤን አጎንብሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እላታለሁ። እናቷ ካላስገባችኝ እዚያው ደጅ ሆኜ እላለሁ። ቀጥዬ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አስገባለሁ። ከዚያ በድልድዩ ወደ ደሴቱ ለሚሻገረው አውቶቡስ ትኬት እቆርጣለሁ፤ ለነገ ሳይሆን ለሐሙስ፤ ደብዳቤው ቀድሞኝ ይድረስና፣ ቤት መገኘት ካልፈለግሽ ጊዜ ይኑርሽ።

ታላቅ እህትሽ