የሁለት ጣት ክፍተት

ውድ አለቃዬ፣

እንዴት አደርሽ? ልጃችንስ እንዴት አደረች? ጡት መያዝ ለመደች ወይስ አሁንም እንደ ትልቅ እመቤት ፊቷን እያዞረች ታስለምንሻለች? ይህን ደብዳቤ እማዬ ከምሳሽ ጋር ሆስፒታል ድረስ ታመጣልሻለች። ልደውልልሽ ፈልጌ ነበር። ግን ስልክ ላይ አንቺ «እሺ» ትያለሽ፣ እኔም «እሺ» እላለሁ፣ ከዚያ ያልተናገርነው ነገር ሆዳችንን ሲበላን ይውላል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ከመሐል ጥለሽ እንዳታኮርፊ።

ትናንት ጠዋት ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ «ስንወጣ ልጅቷን እናትህ ይውሰዷት፤ እኔ ጋ አትደር» ስትይኝ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጥረሽዋል። እሺታ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው። የሚጥል ሕመምሽ ሲነሳብሽ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አንቺ እንኳ አታውቂውም፤ ስትነቂ ሁሉ ነገር አልፎ ነው የሚጠብቅሽ። እኔ ግን አልጋው ሲንቀጠቀጥ፣ እጅሽ ያገኘውን ሁሉ ሲመታ አያለሁ። ያንንና ያቺን ሚጢጢ አፍንጫ አንድ ላይ ሳስባቸው ምላሴ ተሳሰረ። ልጅቷ ትሂድ ማለቴ ግን አልነበረም።

አዋላጇ ያለችንን አስታውሺ። «እናትና ልጅ አንድ አልጋ ላይ አይተኙ» ነው ያለችው። ልጅቷ የራሷ አልጋ ይኑራት፣ ከእናቷ አልጋ ጎን ይቁም፤ ፍራሹ ጠንካራ ይሁን፤ ትራስም ሆነ ለስላሳ ነገር አይግባበት፤ ስታጠቢም ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈሽ ተቀመጪ አለች። ሌላ ቤት ትደር የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። እሱን የጨመርሽው አንቺ ነሽ። እኔም ከአንቺ ተለይቼ እንደወጣሁ እማዬን ይዤ በቀጥታ ወደ ሕፃናት ዕቃ መደብር ሄድኩ።

እማዬ መንገዱን ሙሉ ስታጉረመርም ነበር። «ለአንድ ክንድ ለማትሞላ ልጅ የምን አልጋ ነው? እኔ አለሁ አይደል?» ትላለች። መደብሩ ውስጥ ገብታ የሚወዛወዘውን አልጋ ስታይ ግን ሐሳቧን ቀየረች። በጣቷ ነካ ታደርገዋለች፣ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ እሷም አብራው ወዲያና ወዲህ ትላለች። እኔ ግን እጄን ሰድጄ አቆምኩት። ሳይነኩት የሚናወጥ አልጋ ከአንቺ ጎን ላቆም? ሻጩ ሁለተኛውን አመጣ፦ ዙሪያው በጥጥ የታጨቀ፣ መጋረጃ ያለው፣ ከነትራሱ። የሙሽራ ወንበር ነበር የሚመስለው። የስፌቱን ጠርዝ ገልበጥ አድርጌ አየሁት፤ ክሩ ከአሁኑ እየተተረተረ ነው። አዋላጇም የከለከለችው እንዲህ ያለውን ነው።

ሦስተኛው ጌጥ የለውም። አንዱ ጎኑ ወደ ታች ይታጠፋል፣ እግሩ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ከትልቁ ፍራሽ ሥር ዞሮ የሚያስር ጠንካራ ቀበቶ አለው። «ትልቁ አልጋ በኃይል ቢንቀጠቀጥ ይላቀቃል?» ብዬ ጠየቅኩት።

ሻጩ አየት አደረገኝና «ወንድሜ፣ ሌሊት ትግል ትገጥማላችሁ እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፤ ሁልጊዜ የምታሸንፈው እሷ ናት» አልኩት። እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። ሳቅን፤ እጄ ግን ቀበቶውን አልለቀቀም። እሱን ገዛሁ።

አልጋው የሚሸጠው ያለ ፍራሽ ነው፤ ፍራሹን ጎረቤቱ ያለው ስፖንጅ ሻጭ በልክ ይቆርጣል። ኪሴ ውስጥ ሜትር እንደማይጠፋ ታውቂያለሽ፤ ራሴ ለካሁ፣ ራሴ ልኩን ተናገርኩ። ኩራቴን ብታይ! ጉዱን የሠራሁት እዚያ ላይ ነው፤ ግን በኋላ ነው የገባኝ።

ቤት ስንገባ አልጋዋን ከእኛው አልጋ ጋር አጣብቄ፣ አንቺ በምትተኚበት በኩል፣ ጥርሴን ነክሼ አሰርኩት። ከዚያ ከልብስ ስፌት ሱቃችን ቁርጥራጭ ጨርቅ አምጥቼ ትራስ ልብስ ውስጥ አጨቅኩ። ሰፈራችን ባለው ባለ ሸቀጥ ሚዛን ላይ ልክ የልጃችንን ክብደት እስኪያህል ድረስ እያወጣሁና እየጨመርኩ አስመዘንኩ። ባለ ሸቀጡ ለማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ለልጄ» አልኩት፤ ሌላ አልጠየቀኝም። እማዬ የጨርቋን ልጅ ስትቀበለኝ «አንገቷን ደግፍ እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ። አንገት የላትም ብላት ማን ይሰማኛል?

የጨርቋን ልጅ አስተኛኋት። እኔ አንቺ ቦታ ተጋደምኩና ሕመምሽ የሚያደርግሽን ሁሉ አደረግኩ። እግሬን ወረወርኩ፣ በትከሻዬ አልጋውን ደበደብኩ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ «ኧረ ጉድ! ልጄን ምን ነካብኝ!» ትላለች። ቀበቶው ንቅንቅ አላለም። ደስ ብሎኝ ቀና ስል ግን ፍራሹ ወደ አንድ ጎን ሸሽቷል። በፍራሹና በእንጨቱ መሐል ክፍተት ተከፍቷል። የጨርቋ ልጅ ተንከባላ ፊቷ በሚሆነው በኩል እዚያው ክፍተት ውስጥ ተወትፋለች።

ጨርቅ መሆኗን አውቃለሁ። ግን ያየሁት ጨርቅ አልነበረም። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

የሆነውን ልንገርሽ። ልብስ ስንሠራ ከገላ ሁለት ጣት ላላ እናደርጋለን አይደል? ልክክ ካለ አያስተነፍስም ብለን። የአልጋዋን ውስጥ ከለካሁ በኋላ እጄ እንደ ልማዱ ከፍራሹ ልክ ላይ ሁለት ጣት ቀነሰ። «እንዳይጠባት» ብዬም በሆዴ ደስ አለኝ። አልጋዋን ልብስ፣ ፍራሹን ገላ አደረግኩት። ጠቦ መያዝ ያለበትን ነገር እኔ አላላሁት።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ደግሞ የባሰ ነው። ወፍራም ጨርቅ ጠቅልዬ ክፍተቱን ልወትፈው ተነሳሁ፤ መርፌዬን ሁሉ ይዣለሁ። እማዬ «ለስላሳ ነገር አይግባበት አልተባለም?» ስትለኝ መርፌውን አስቀመጥኩ። ያኔ ተስፋ ቆረጥኩ። «ሚስቴ ልክ ናት፤ ልጅቷን አንቺ ውሰጃት» አልኳት።

እማዬ ወደ ልጅቷ አልጋ ጎንበስ አለች። የጨርቋን ልጅ ቀስ ብላ አወጣችና ደረቷ ላይ አደረገቻት። ጣቷን ክፍተቱ ውስጥ ከተተች።

«ስንት ነው የቀነስከው?»

«ሁለት ጣት።»

«ማን ነው የቀነሰው?»

«እኔ።»

«ሚስትህ ምን አደረገች?»

«ምንም» አልኳት።

«አልዋሽህም፣ እኔ ልጅቷን ልወስድ ክፍል ሁሉ አሰናድቼ ነበር» አለችኝ። «ደስም ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ተነስና ፍራሹን ቀይር። አንተ ስፖንጅ አሳስተህ ስላስቆረጥክ እናትን ከልጇ አልለይም።» ከዚያ ወደ ሳሎን ሄዳ ሶፋውን መጫን ጀመረች፤ ለመኝታ ይሆናት እንደሆነ ልትሞክረው ነው። እስክትጠነክሪ ከእኛ ጋር ትከርማለች። ወደ ቤቷ የምትወስደው ሰው የለም።

ዛሬ ጠዋት ስፖንጅ ሻጩ በሩን ሳይከፍት ደርሼ አዲስ ፍራሽ አስቆረጥኩ። ልክክ ያለ፣ ጣት የማያስገባ። ስናስገባው እንጨቱ ሲጥ አለ። ከዚያ እንደገና ተጋደምኩና እንደ ትናንቱ፣ ከትናንቱም ብሼ፣ አልጋውን አናወጥኩት። የጨርቋ ልጅ ካስተኛኋት ቦታ አልተነሳችም። ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ጀርባዬ እንደ ዱላ ደርቋል፤ ስትመጪ ታሺልኛለሽ።

አሁንም እፈራለሁ። ዋስትና አለኝ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ሌሊት ስታለቅስ አንስቼ የምሰጥሽ እኔ ነኝ፤ ወለሉ ላይ የምትቀመጪበት ፍራሽ ተነጥፏል፤ ስታጠቢ አጠገብሽ ነኝ። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም። ግን አንቺን ከልጃችን መለየት ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያስፈራኛል። ትናንት ልነግርሽ የሚገባኝ ይህን ነበር።

ሱቅ ውስጥ የወደቅሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ዓይንሽን ስትገልጪ መጀመሪያ ያልሽው «የሴትዮዋን ኮት ቁልፎች ሳልስባቸው እንዳትሰጣት» ነበር። እኔ የሰፋሁትን ቁልፍ አንድ በአንድ በጣትሽ ሳትስቢ ከሱቃችን የወጣ ልብስ የለም። ስንቱን ነቅለሽ መልሰሽ ወርውረሽልኛል! ያኔ እናደድ ነበር፤ ዛሬ ያ እጅሽ እዚህ ስለሌለ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ስለዚህ ነገ ከሆስፒታሉ ስትወጡ ልጅቷን ለማንም እንዳትሰጪ። ይዘሻት ነይ። ከደከመሽ እኔ እይዝልሻለሁ፤ አንገት አደጋገፍ ተምሬያለሁ። ልጅቷ ከመተኛቷ በፊት አልጋዋን አንቺ ትፈትሺዋለሽ። ፍራሹን ተጫኚው፣ ቀበቶውን ባለሽ ጉልበት ሁሉ ሳቢው። ከተላቀቀ መልሰሽ ወርውሪልኝ፤ እንደገና እሠራዋለሁ።

የአንቺው፣
ባለ ሜትሩ