ዱዓውን ግዴታ አታድርገው

ውድ ወንድሜ ኢብራር፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈህ ነው የምትነሣው? የሻርጃ ሙቀትስ ትንሽ ቀነሰላችሁ? ምሳህን በሰዓቱ ትበላለህ? ይህ የመጨረሻው የእማዬ ጥያቄ ነው፤ «ዋሽቶ እንዳይመልስልኝ» ብላለች። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ክረምቱ ዘንድሮ ጠንክሮብናል፤ ከፌርማታው እስከ ቤት ያለው መንገድ ጭቃ ብቻ ነው፤ ቅዝቃዜው ለእማዬ ጉልበትም አልተስማማውም። ሃፊዛ በቁመት አልፋኛለች፤ በአፍማ ድሮም ታልፈኝ ነበር።

ይህን ጉዳይ በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን ጠባይህን አውቃለሁ፤ ደስ የማይል ነገር ስትሰማ ኔትወርኩ ይቆራረጥብሃል። ደብዳቤ አይቆራረጥም። እስከ መጨረሻው አንብበኝ፤ ከዚያ በኋላ መቆጣት ካለብህ ትቆጣለህ።

ነገሩ በድምፅህ ጽሑፍ ስለሚያነበው ፕሮግራምህ ነው። ለማኅበራችሁ አቅርቢልኝ ብለኸኝ አቀረብኩት። ማኅበሩ ውስጥ የገባሁት አንተ ከሄድክ በኋላ ስለሆነ አሠራራችንን ልንገርህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል እንሰበሰባለን። ያረጁ ኮምፒውተሮችን እየጠገንን ለትምህርት ቤቶች እንሰጣለን፤ የምንጭንባቸው ግን ነፃ ፕሮግራሞችን ብቻ ነው። አንድን ፕሮግራም ነፃ የምንለው ማንም ሰው ለፈለገው ሥራ ሲጠቀምበት፣ ውስጡን ከፍቶ ሲያይ፣ ሲያሻሽለው፣ ለሌላው ሲያካፍለው፣ ቢፈልግም ሲሸጠው ባለቤቱ የማይከለክለው ከሆነ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ምን ያህል ጎበዝ ነው ብለን ከመጠየቃችን በፊት ባለቤቱ የጻፈውን ፈቃድ እናያለን።

ፈቃዱን ጮክ ብላ የምታነበው ሰብሳቢያችን ጉዲቱ ናት። የቀራንዮ ልጅ ናት፤ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ስለምትሠራ ቃል አያመልጣትም። በየአንቀጹ መጨረሻ ላይ ቆም ትልና «ማን ውጭ ቀረ?» ብላ ትጠይቃለች። በዚያ አንቀጽ ምክንያት በር ላይ የሚቀር ሰው አለ የሚል፣ ሰውየውን በስም መጥራት አለበት። «አንዳንድ ሰዎች» ብሎ ነገር እኛ ዘንድ አይሠራም። የምናውቀው፣ መንገድ ላይ ሰላም የምንለው ሰው መሆን አለበት። አንድ ስም ከተጠራ ፕሮግራሙ አይገባም። ሌላም ደንብ አለን፤ የባለቤቱ ዘመድ የሆነ ሰው ይቀመጣል እንጂ አይፈርድም። ስለዚህ የአንተ ተራ ሲደርስ እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ፤ ለእኔ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቃለህ።

መጀመሪያ ፕሮግራሙ ድምፅህን አሰማን። የሆነ ጋዜጣ ላይ ያለ ጽሑፍ ሰጠነውና በአንተ ድምፅ አንዲት ፊደል ሳይስት አነበበልን። ሁሉም ወደ ድምፁ ተጠጋ። እኔ ግን የማስበው አባባን ነበር፤ ስኳሩ ዓይኑን ከወሰደበት በኋላ ጋዜጣውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ገጹን ብቻ እየዳበሰ ሲውል። አንተም ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለህ፣ ማናችንንም እንዳታወሩ እያልክ ድምፅህን ስትቀዳ ትዝ አለኝ። ያን ሁሉ ብርድ ልብስ ሰቅለህም ወያላውን አላመለጥከውም። «በ» በሚለው ፊደል ላይ ከኋላ ስስ ብሎ «ዓለም ባንክ!» የሚል ይሰማል። መጀመሪያ የሰማው ወዬሳ ነው፤ በሣቅ ፈረሰ። ወዬሳ ዓይነ ስውር ነው፤ ማየት የተሳናቸውን ተማሪዎች ያስተምራል። «እስከ ዛሬ አማርኛ ያነቡልኝ ማሽኖች ሁሉ አገር የሌላቸው ነበሩ። ይሄ ግን የኮልፌ ልጅ ነው» አለ። ለመስከረም ለተማሪዎቹ እንዲደርስለት ከልቡ ፈልጎ ነበር።

ከዚያ ጉዲቱ ፈቃድህን ማንበብ ጀመረች። ውስጡን ማየት ትችላላችሁ፣ መለወጥ ትችላላችሁ፣ ማካፈል ትችላላችሁ ያልካቸው ሁሉ አለፉ። «በገንዘብ መስጠት ክልክል ነው» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን የብሩኬ ስም ተጠራ። አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲ የሚዞርበት ጋ ስልክ ላይ ፕሮግራም የሚጭነው ብሩኬ። ኢንተርኔት የማይገዛ ሰው ሁሉ የሚያገኘው ከእሱ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚኖረው ለመጫኛ በሚያስከፍላት ሳንቲም ነው። አንተ ለአባባ ብለህ የለፋህበትን ነጋዴ እንዳይሸቅልበት ብለህ እንደጻፍከው ይገባኛል፤ ግን የዘጋኸው ብሩኬን ነው።

ቀጥሎ ያችን አንቀጽ አነበበች። «ይህን ፕሮግራም የሚጠቀም ሁሉ በተጠቀመ ቁጥር ለአባቴ ለሽኩር ዱዓ የማድረግ ግዴታ አለበት።» ጉዲቱ እንደ ልማዷ «ማን ውጭ ቀረ?» አላለችም፤ አንገቷን ደፋች። ሁሉም እኔን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በመጨረሻ ወዬሳ ቀስ ብሎ «እኔ» አለ። «እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ዱዓ አላውቅም። ሳላደርግ ብጠቀምበት ማንም አያየኝም። ግን የሟች አደራ በልቼ ተማሪዎቼን ማስተማር አልችልም» አለ። ከሁላችን አብልጦ የሚያስፈልገው ሰው ነው ውጭ የቀረው።

ተናድጄ ወጣሁ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላወቅኩም። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ወራጅ ማለት ረስቼ ፌርማታችንን አለፍኩት። ቤት ስገባ እማዬ ፊቴን አየችና ምን ሆንሽ አለችኝ። ስለ ሶፍትዌር ፈቃድ ለእማዬ ማስረዳት ምን እንደሚመስል አንተው ገምት። በመጨረሻ «ሰው የሠራውን ነገር ለሌላው ሃላል ማድረጉን የሚጽፍበት ነው» አልኳት። ያኔ ወዲያው ገባት። «ታዲያ ኢብራር ሃላል አላደረገውም?» አለች። አድርጓል፣ ግን ለአባባ ዱዓ ያላደረገ አይንካው ብሏል አልኳት። «አባታችሁ መሰላሉን ሲያውስ ምን ይል ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ኢብራርዬ፣ የሱቃችን በር ላይ ተደግፎ የሚውለውን ያን ረጅም መሰላል ረስተኸው ነው? ሰፈሩ ሁሉ የሚዋሰው፣ የመድኃኔዓለም ልጆች እንኳ ለንግሥ ባንዲራ ሊሰቅሉ የሚወስዱት። አባባ «ውሰዱት» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረውም። ያ ቀለም ቀቢ ክረምቱን ሙሉ በመሰላሉ እንጀራውን ሲበላበት እንኳ አባባ ደስ ነው ያለው። አንተ ቀብሩ ላይ አልነበርክም፤ እኔ ልንገርህ። ጀናዛው ሲወጣ ከበራችን ላይ ቆሜ አይ ነበር፤ ደጁን የሞሉት በአብዛኛው መሰላሉን የተዋሱ ሰዎች ነበሩ። የኛዎቹ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ቀለም ቀቢው ኮፍያውን አውልቆ በራሱ ቋንቋ ያጉተመትማል። ማንም አላዘዛቸውም።

ያንን አንቀጽ ለምን እንደጻፍከው አውቃለሁ ወንድሜ። በቪዛው ምክንያት ቀርተህ፣ አፈር ሳታለብሰው ቀርተህ፣ በአንተ ቦታ የሚቆም ሰው ፈልገህ ነው። ድምፅህን ያህል ነገር ማንም እንዲነካካው ፈቅደሃል፤ በእሱ አልሰሰትክም። የሰሰትከው በአባባ ነው። በዚህ እንኳን ልቆጣህ፣ ስጽፈውም ዓይኔ እየሞላ ነው። ግን እውነቱን ልንገርህ፤ መፍረድ ቢፈቀድልኝ እኔም አላሳልፈውም ነበር።

አሁን የምለምንህ ይህን ነው። እኛ ከፈቃድህ ላይ አንዲት ቃል መለወጥ አንችልም፤ የሚችለው ባለቤቱ አንተ ብቻ ነህ። የገንዘቡን ክልከላ አውጣው። የዱዓውን ግን አታውጣው፤ ግዴታ መሆኑን ብቻ ተው። ጉዲቱ ልመና ሰው አያግድም፣ የፈለገ ይሰማዋል፣ ያልፈለገ ያልፈዋል ብላኛለች። እኔ እንዲህ ብዬ ሞክሬዋለሁ፤ «ይህን የምትጠቀሙ ሁሉ፣ ፈቃዳችሁ ከሆነ አባቴን ሽኩርን በመልካም አስቡልኝ፤ እለምናችኋለሁ።» ካላማረህ በራስህ አነጋገር ጻፈው። የሚመጣው ቅዳሜ ካላደረስከው ኮምፒውተሮቹ ያለ አንተ ይሄዳሉ፤ የወዬሳ ተማሪዎችም አንድ ዓመት ይጠብቃሉ።

ሃፊዛ ሰላም ብላሃለች፤ ጫማ አልረሳህም ወይ ብላለች። ጉዲቱና ወዬሳ ሰላም ይሉሃል። ወዬሳ ትናንት ደውሎ የአባትሽ ሙሉ ስም ማነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። አብረውህ ለሚኖሩት ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ዕቃ እጠቡ በልልኝ።

የእማዬን ሰላምታ ለመጨረሻ ያቆየሁት እንዲህ ስለሆነ ነው። እዚህ ድረስ የጻፍኩትን መስማት ፈለገች። ላነብላት ጀመርኩና ጀናዛው ጋ ስደርስ አቃተኝ። ስለዚህ ስልኬ ላይ የጻፍኩትን ለፕሮግራምህ ሰጥቼው አንተው አነበብክላት። ወያላው ሲጮህ ፈገግ አለች፤ ስለ መሰላሉ ስታነብላት ራሷን ነቀነቀች። ያቺ ልመና ጋ ስትደርስ፣ በራስህ ድምፅ «አስቡልኝ፤ እለምናችኋለሁ» ስትላት፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆየችና ፊቷን ዳበሰች። «አሚን፣ ልጄ» አለችህ።

እህትህ ሀይፋ
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.