በእጃቸው ፊደል፣ አንድ ስም በቀይ፦ የአቶ ቢሻው ተክለ ጊዮርጊስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቢሻው ተክለ ጊዮርጊስ ከአባታቸው ከመሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ አድማሱ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታየች ውቤ፣ በደምቢያ ከኮላ ድባ ፈቅ ብላ በምትገኝ የገጠር ደብር፣ ኅዳር 12 ቀን 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ከአባታቸው እግር ሥር ነው። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ቁም ጽሕፈት ተማሩ፤ መቃ መቅረጽ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ብራና መፋቅ። አባታቸው የቅዱሳንን ስምና መጽሐፉን ያስጻፈውን ሰው ስም በቀይ፣ የቀረውን በጥቁር ሲጽፉ እያዩ አደጉ። ከዚያ በመነሣት የራሳቸውን ሥርዓት አወጡ፤ በሕይወት ያለ ሰው ስሙ በቀይ፣ የሞተ ሰው በጥቁር። ይህን ሥርዓት እሳቸው አንድም ቀን አልጣሱም። በእጃቸው ግን አንድ ጊዜ ተጥሷል፤ እሱም በቦታው ይነገራል።

ጎልማሳ ሲሆኑ ወደ ጎንደር መጡ። ጥር 1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ እንኳየሁ መኮንን ጋር በሥርዓተ ቁርባን ተጋብተው፣ በ1976 ገብረ ኢየሱስን፣ በ1984 ወንጌላዊትን ወለዱ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የከተማው ግድግዳ ሁሉ የድሮውን መፈክር በአዲስ ቀለም ሲሸፍን፣ አቶ ቢሻውም መቃውን በብሩሽ ለውጠው አራዳ ላይ የሱቅ ታፔላ መጻፍ ጀመሩ። ታፔላዬን ቢሻው ካልጻፈው ሱቁን አልከፍትም የሚል ነጋዴ ነበር። የሐዘን ማስታወቂያም ይጽፉ ነበር፤ ሟቹን በጥቁር፣ የቀሩትን ቤተሰቦች በቀይ። በአቶ ቢሻው እጅ በቀይ የተጻፈ ሰው ቆሞ የሚሄድ፣ የሚተነፍስ ሰው መሆኑን የሰፈሩ ልጅ አዋቂ ያውቅ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ልጃቸው ገብረ ኢየሱስ ሥራ ፍለጋ ተነሣ። ከአይከል ደውሎ፣ መተማ ስደርስ እደውላለሁ አለ። አልደወለም። መርዶም አልመጣም። ወይዘሮ እንኳየሁ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ እንዳያዘቀዝቁ የሞተ የለም፤ እንደ ደኅና ሰው እንዳይለብሱ ልጁ የለም። አቶ ቢሻው ግን ዘመን በተለወጠ ቁጥር በቤታቸው በር ላይ የቤተሰቡን ስም በቀይ ያድሱ ነበር፤ የገብረ ኢየሱስንም። ቀለሙ ሳይለቅ ለምን ይደክማሉ ቢባሉም ብሩሹን ቀይ ቀለም ውስጥ ያጠልቁ ነበር።

ልጃቸው ወንጌላዊት ያለ አስተማሪ፣ ኢንተርኔት ላይ ባለ የዲዛይን ገጽ ካርድና ፖስተር መሥራት ጀመረች። ኮምፒውተር ላይ ተጥዳ ትውላለች ይሉ የነበሩት፣ ኋላ የልጃቸውን የሠርግ ካርድ ሊያሠሩ በር ላይ የቆሙት እነሱው ናቸው። አባቷ አንድ ቀን ከጎኗ ተቀምጠው ገጹ ላይ ያሉትን የአማርኛ ፊደሎች ተመለከቱና፣ ይህ ጡብ ነው ወይስ ፊደል ብለው ጠየቁ። በ2007 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም መቃቸውን እንደገና ቀርጸው፣ ከሀ እስከ ፐ ያለውን ፊደል ሁሉ በነጭ ወረቀት ጻፉላት። እሷም ስካን አድርጋ ፎንት አደረገችውና ገጹ ላይ ጫነችው። ቁልፍ ስትነካ የእሳቸው እጅ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ከት ብለው ሳቁ፤ እኔ ቤት ተቀምጬ እጄ ሥራ ገባ አሉ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ጽሑፍ ካላዩት አይታተምም ነበር፤ መስመሩን አራርቂው፣ ይተንፍስ ይሏት ነበር። ፎንቱ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ዞሮ የከተማው ኮምፒውተር ቤት ሁሉ ገባ። አቶ ቢሻው የማያውቁት ሰው ሞት በእጃቸው ተጽፎ መንገድ ላይ ይጠብቃቸው ጀመር። እያንዳንዱ ፊት ቆመው ስሙን ሳያነቡ አያልፉም።

መጋቢት 2009 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው አቶ ክንዱ፣ ልጁ ፍትሐት ሳይደርስለት ነፍሱ ሜዳ ላይ ቀረች ብለው፣ ማንንም ሳያማክሩ የገብረ ኢየሱስን የተዝካር ጥሪ አሳተሙ። ኮምፒውተር ቤቱ ደግሞ ያማረውን ፊደል መረጠ። አቶ ክንዱ ለወንድማቸው ልጅ አዝነው ያደረጉት ነው፤ ላዘነ ሰው መጠየቅ የተከለከለ ግን አልነበረም።

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አቶ ቢሻው የልጃቸውን ስም በገዛ እጃቸው፣ በጥቁር ተጽፎ ምሰሶ ላይ አገኙት። ወረቀቱን ሳይቀድዱ በቀስታ ልጠው ቤት አመጡት። ሚስታቸውን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እንኳየሁ፣ እኔ ይህን መቼ ጻፍሁት?»

ወዲያው ለቀስተኛው በር ላይ ደረሰ። በአቶ ክንዱ ወረቀት ያመነ አልነበረም፤ አያ ቢሻው ራሱ በጥቁር ከጻፈውማ አለቀ ብለው ነው ከሰፈርም ከደምቢያም የመጡት። ወይዘሮ እንኳየሁ ያን ቀን ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ወንጌላዊት ፎንቱን ከፍታ፣ ማሽን እንደጻፈው አሳየቻቸው። ገባቸው። ሆኖም ከዚያ ቀን በኋላ ቀኝ እጃቸውን እንደ ሰው ዕቃ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያዩት ነበር፤ ተኝቼ ስነሣ ጣቴ ላይ ቀለም አለ ወይ ብለው ይጠይቁ ነበር። መቃም ብሩሽም አላነሡም። የበሩ ስም በዚያ ዓመት አልታደሰም።

የደም ግፊት ሕመማቸው ጸንቶ አልጋ ከያዙ በኋላ ልጃቸውን ጠርተው የዛሬውን ወረቀት አዘዙ።

«በእኔው ፊደል ሥሪው፤ ስሜን በጥቁር አድርጊው። የወንድምሽን ስም ግን ማሽኑ እንዳይነካው። በቀይ፣ በእጅ ይጻፍ። ሞቷል ያለ ሰው አስከሬኑን ያምጣ።»

በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው የካቲት 19 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። አቶ ቢሻው በሞት የተለዩን፣ በሕይወት ያለን ባለቤታቸው ወይዘሮ እንኳየሁ መኮንን፣ ልጃቸው ወንጌላዊት ቢሻው፣ ወንድማቸው አቶ ክንዱ ተክለ ጊዮርጊስ እና ልጃቸው ገብረ ኢየሱስ ቢሻው ነን።

ወረቀቱን የያዛችሁ፣ የመጨረሻው ስም ሌሊቱን በአባቱ መቃና ቀለም በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ የተጻፈ ነው። ገና አልደረቀም ይሆናልና በጣት አይነካ።

የስንቱን ስም የጻፉትን የእሳቸውን ስም፣ የማይደክም እጅ በሕይወት መጽሐፍ ላይ ይጻፍልን። አሜን።