በካርታሽ ላይ ያሉት ዘጠኝ ኤክሶች

እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? መድኃኒትሽን በሰዓቱ ትወስጃለሽ ወይስ እንደለመድሽው መሳቢያ ውስጥ ቆልፈሽበታል? ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋስ እየመጣች ታጫውትሻለች? እኔን አንቺስ ብትይኝ፣ እጄም እግሬም በቦታው ነው። ሌላውን አንብበሽ ስትጨርሺ ትፈርጃለሽ። ደብዳቤውን ያመጣልሽን ሰው በር ላይ አታቁሚው፤ ግን እስክትጨርሺ ድረስ ምንም አትጠይቂው። ስልክ ያልደወልኩት ጨክኜ አይደለም። ያው እንደ ሁልጊዜው ስልኩን ወደ ቀኝ ጆሮሽ እያዞርሽ ጮክ በይ፣ ጮክ በይ ትይኛለሽ። ይሄ ደግሞ መናኸሪያ መሃል ቆመው የሚጮሁት ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ቂሜን ልናገር። ለአሮጌ መኪኖች ውድድሩ፣ ለራሊው ስንዘጋጅ ጋራዥ ውስጥ ከወንድሜ ጋር ስንጨቃጨቅ አንቺ ለእሱ ወገንሽ። እሱ አቅጣጫ የሚናገረውን መሣሪያ እንግጠም አለ፣ እኔ በወረቀት ካርታ እንሂድ አልኩ። መካኒኩ የአባዬ መኪና ባትሪ ስድስት ቮልት ብቻ ስለሆነ መሣሪያውን አይችለውም፣ ከወንበሩ ስር ሌላ ትንሽ ባትሪ ላስገባላችሁ ብሎ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ወንበሩን ስናድስ ከስሩ ያንቺን ካርታ አግኝቼዋለሁዋ! ድሮ በዚሁ ራሊ አንቺ ካባዬ ጎን ተቀምጠሽ መንገድ ያነበብሽበትን። ዳር ዳሩ በእርሳስ ተጽፎበታል፣ ጽሑፍሽ ደግሞ ሲያምር! አዘጋጆቹም ዘንድሮ በድሮው መስመር ነው የምንሄደው አሉ። ደስታዬ አላስችል ብሎኝ ሮጬ ስነግርሽ ምን አልሽኝ? መሣሪያውን ያዙ፣ ያንን ወረቀት አቃጥይው ብለሽ ጮኽሽብኝ። እኔም መቼም ወንድ ልጇን ነው የምትደግፈው ብዬ አኮረፍኩሽ።

ካርታው ላይ ዘጠኝ ኤክሶች አሉ። አጠገባቸው ምንም አልጻፍሽም። አንዳንዱን እርሳሱ ወረቀቱን እስኪበሳ ተጭነሽዋል። እኔ ብልጧ ልጅሽ አደገኛ ቦታ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ኩርባ፣ ገደል፣ ጎርፍ የበላው መንገድ ምናምን።

የመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ኤክስ ላይ ስንደርስ ቀስ በል ብዬ ጮኽኩ። ወንድሜ ፍሬን ያዘ። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ሜዳ፣ ድንጋይ እንኳን የሌለበት። ሳቀብኝ። ሁለተኛው ነዳጅ ማደያ ፊት ለፊት ነው። ሦስተኛውም አራተኛውም ሜዳ። በየመቆጣጠሪያ ጣቢያው ስለዘገየን ነጥብ እየተቀነሰብን ስንመጣ ሳቁ ቀረና ስድቡ ተጀመረ። ደደብ፣ ጅል፣ አንቺን ብሎ መንገድ መሪ። ካፉ የማይወጣ ነገር አልነበረም። እኔም ዝም አላልኩም፣ ታውቂኝ የለ።

በሦስተኛው ቀን አምስተኛው ኤክስ ጋ ስንደርስ አሁንም ቀስ በል አልኩት። በድንገት ፍሬን ሲይዝ ከኋላ የነበረው መኪና ለጥቂት ሳተን። ዳር ይዞ አቆመና እስቲ ምን አለ እዚህ፣ አሳዪኝ አለኝ። እማዬ በከንቱ ምልክት አታደርግም አልኩት። ይቺን ብቻ ነው ያልኩት።

መሪውን በግራው እንደያዘ በቀኝ እጁ ግራ ጆሮዬ ላይ አጮለኝ። ጭንቅላቴ ከመስኮቱ ጋር ተላተመ። ጥርሴ ምላሴን ቆርጦት አፌ በደም ተሞላ። ቀና ሳልል ደገመኝ። ደሙ ጭኔ ላይ የተዘረጋው ካርታ ላይ ይንጠባጠባል፣ ዓይኔ ያንቺ ኤክስ ላይ ነው። ከዚያ መንገዱን አየሁት። እማዬ፣ እዚያ ቦታ እኮ ከመኪናዋ ውጪ የሚያስፈራ ምንም ነገር የለም።

ጠዋት ጎማ ስንቀይር የቡሎን መፍቻውን እግሬ ስር ጥዬው ነበር። ለሦስተኛው እጁን ሲያነሳ አንጓው ላይ ባለ በሌለ ኃይሌ አሳረፍኩበት። ሲሰበር ሰማሁት፣ በአንድ ጆሮዬ። እንደ በሬ እያጓራ ወረደ። በሮቹን ቆለፍኩ። የፊት መብራቱን በእርግጫ አደቀቀው፣ መስታወቱን በክርኑ መታው፣ እገድልሻለሁ አለኝ። እኔም መፍቻውን ጨብጬ ና ግደለኝ አልኩት። የምሬን ነበር እማዬ፣ አንድ እርምጃ ቢጠጋ አናቱን እለው ነበር። በመጨረሻ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። መሪው ጋ ተቀመጥኩና ሞተሩን አስነስቼ ሄድኩ። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄጄ ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ አትጠይቂኝ።

ሐኪሙ እጁ ምን ሆኖ ነው ሲል፣ እሱ ራሱ በር ተዘግቶበት ነው አለ። የኔን ጆሮ ሲያይ ደግሞ እኔ ወድቄ ነው አልኩ። ማን እንዳስተማረን እንጃ፣ ውሸቱ እንዴት ቶሎ መጣልን! አንቺስ ግራ ጆሮዬን የልጅነት ትኩሳት ነው የወሰደብኝ ትይን አልነበር?

በማግስቱ እኔ ነዳሁ። እሱ ጄሶ የገባ እጁን ታቅፎ በኔ ቦታ ተቀመጠ፣ ካርታውን ያነበበው እሱ ነው። ስድስተኛው ጋ ስንደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እዚህ ኤክስ አለ አለኝ። ምንድነው ብሎ አልጠየቀኝም። ሰባተኛው ላይ ማንበብ አቃተው።

ዘጠነኛው ይሄ መናኸሪያ ነው። ከዚህ በኋላ እርሳስሽ የለም። አባዬ እናታችሁ እዚህ ድረስ መጥታ ታመመችና በአውቶቡስ ተመለሰች፣ ዋንጫውን ብቻዬን ነድቼ ነው ያመጣሁት ሲል እየሰማን ያደግን ልጆች ነን። ያንን ዋንጫ በየሳምንቱ ስወለውል የኖርኩት እኔ ነኝ።

አምስተኛው ኤክስ አጠገብ የራሴን አንድ አድርጌበታለሁ። ከአሁን በኋላ የሚጨመር የለም። እዚህ ያለ መካኒክ ትንሿን ባትሪ አስገብቶልኝ መሣሪያውን ገጥሜያለሁ። አዘጋጆቹም ብቻሽን መጨረስ ትችያለሽ ብለውኛል። መሣሪያው የሴት ድምፅ አለው፤ ብትሳሳትም ማንም በጥፊ አይላትም። ልክ ነበርሽ እማዬ፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁሽ። ይቅር በይኝ።

ልጅሽን ባንቺው አውቶቡስ ልኬልሻለሁ፣ አሁን ፊትሽ የቆመው እሱ ነው። ብትፈልጊ ምግብ አብዪው፣ ብትፈልጊ እቀፊው፣ ልጅሽ ነው። እኔን ግን ወንድምሽ ነው ቻይው እንዳትይኝ። አንቺ የቻልሽው ለሁለታችንም ይበቃል።

ፈጣሪ በቀረው ጆሮሽ ደግ ደጉን ያሰማሽ። ጉልበትሽን ያበርታልኝ፣ ስመጣ በር ላይ ቆመሽ ላግኝሽ።

ዋንጫውን ከመደርደሪያው ላይ እሱ ያውርድልሽ። አንድ እጅ ይበቃዋል።

መሪውን የያዘችው ሴት ልጅሽ